የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ዓይኔን ግን አላምነውም

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 26 ሲሆን ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ቢያልፈኝም በሙያዬ ቋሚ ሥራ ባለማግኘቴ በአንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የአባቴ አባት በቀድሞው ምድር ባቡር ከረዳትነት ጀምረው ዋና ነጂ ለመሆን የበቁ ሰው ነበሩ። በባቡሩ መስኮት ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም ከሳሎናችን ግድግዳ አልወረደም፤ አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጨዋታ የሚጀምረው ወደዚያ ፎቶግራፍ እያመለከተ ነው።

ከሁለት ወር በፊት የረዳት ባቡር አሽከርካሪ ቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ ከእኔ ቀድሞ የሰማው አባቴ ነበር። የትምህርት ማስረጃዬን ራሱ ኮፒ አስደርጎ፣ ለምዝገባ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟልቶ ሰጠኝ። የጽሑፍ ፈተናውን ተፈትኜ ካለፉት መካከል ስሜን አገኘሁ። እናቴ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች፤ አባቴም «የአያቱን ወንበር ሊወርስ ነው» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። የቀረኝ የሕክምና ምርመራና ቃለ መጠይቅ ሲሆን ምርመራው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ለማንም ያልተናገርሁት ችግር አለብኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ከጉልት የበሰለ ቲማቲም ግዛ ብላ ስትልከኝ ብስሉን ካልበሰለው ቀላቅዬ ስለምመጣ ትቆጣኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ጊዜ ደግሞ የሬዚስተሮችን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድቡትን ጥቃቅን ዕቃዎች የቀለም መስመር ማንበብ አቃተኝ፤ ቡናማውን ከቀዩ፣ አንዳንዴም ከአረንጓዴው መለየት እየተሳነኝ አራቱን ዓመት ሁሉ ያነበበልኝ የላብራቶሪ ጓደኛዬ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድምም ለሠርጉ ቡናማ ነው ብሎ አረንጓዴ ሱፍ ገዝቶ የመጣ ሰው ሲሆን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። በቅርቡ ከቀለማት ነጠብጣብ የተሠሩትን የዓይን መፈተኛ ሥዕሎች ከስልኬ አውጥቼ አየሁ፤ ጓደኛዬ 74 ብሎ ያነበበው ለእኔ 21 ሆኖ ታየኝ።

ይኸው ጓደኛዬ የሥዕሎቹን ቅደም ተከተል በቴሌግራም ልኮልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሌላ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከከፈልሁ «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት ሊያወጣልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። እኔም ለራሴ «ረዳት ነህ እንጂ ዋናው አሽከርካሪ አይደለህ፤ ዋናው ሰው እያየ ምን ይመጣል?» እለዋለሁ፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ላድርግ? ለአባቴስ ምን ብዬ ልንገረው? እንደ ልጅዎ ቆጥረው «አንተ» እያሉ ይምከሩኝ።

ዓይኑን የተጠራጠረው፣ ከድሬዳዋ

ልጄ፦

ከደብዳቤህ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብሁት «ረዳት ነህ እንጂ ዋናው አሽከርካሪ አይደለህ» ብለህ ራስህን ያጽናናህበትን ዓረፍተ ነገር ነው። እንቅልፍ የነሣህም ይኸው ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል፤ ስለዚህ ወደ እሱ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን ሁለታችንም ገና ያላወቅነው ነገር ስላለ ከዚያ እንጀምር።

ቀለም የመለየት ችግር እንዳለብህ የነገረህ ሐኪም የለም። የነገሩህ የእናትህ ቲማቲም፣ የላብራቶሪው ሬዚስተርና የስልክህ መስታወት ናቸው። እርግጥ ነው፣ 74 ያለበትን ሥዕል 21 ብሎ ማንበብ ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች የታወቀ ንባብ ስለሆነ ጥርጣሬህ መሠረት የለውም ብዬ ልሸነግልህ አልችልም። ሆኖም የስልክ መስታወት ቀለሙንና ብርሃኑን እንደየሥሪቱ ስለሚለዋውጥ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ፍርድ መስጠት ተገቢ አይደለም። እነዚያን ሥዕሎች ያዘጋጀው ሺኖቡ ኢሺሃራ የተባለ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ሲሆን፣ ያሳተማቸውም እ.ኤ.አ. በ1917፣ ማለትም አያትህ የሠሩበት ሐዲድ አዲስ አበባ በደረሰበት ዓመት ነው። መጽሐፉ የሚያገለግለው እንደ ወንፊት ነው፤ ችግር ያለበትን ከሌለበት ያበጥራል እንጂ ችግሩ ምን ያህል ቀላል ወይም ከባድ እንደሆነ በትክክል ለመመዘን አልተሠራም። ለዚያ ባለቀለም ክቦችን በቅደም ተከተል የማስደርደር ፈተናና በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቃቅን መብራቶችን እያሳዩ የመጠየቅ ፈተናን የመሳሰሉ ሌሎች ምርመራዎች አሉ።

ችግሩ ቢረጋገጥም እንኳ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ቀይንና አረንጓዴን የመለየት ችግር አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚወረስ ሲሆን የሚተላለፈውም ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም በኩል ነው። ወንድ ልጅ ይህንን ክሮሞሶም የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ በመሆኑ፣ ራሷ አንድም ቀለም ሳትስት የኖረች እናት ለወንድ ልጇ ልታስተላልፈው ትችላለች። አጎትህ የእናትህ ወንድም መሆናቸው ለዚህ ነው ትኩረቴን የሳበው። እናትህ በዚህ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ነገሩን የምትነግራትም ጥፋተኛ ነኝ ብላ እንዳታስብ ተጠንቅቀህ መሆን አለበት። የአባትህ አባት ዓይናማ መሆናቸው ደግሞ በዚህ ጉዳይ ለአንተ ዓይን ዋስ ሊሆን አይችልም።

አሁን በቃልህ ወደ ያዝኸው ቅደም ተከተል ልመለስ። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ያለው 12 ቀለም የማይለይ ሰው ሳይቀር እንዲያነበው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መርማሪው ከዚያ በኋላ ገጹን እያፈራረቀ ሊያሳይህ፣ ቁጥር በሌለበት ሥዕል ላይ መንገዱን በጣትህ ተከተል ሊልህ፣ መጽሐፉን ትቶም በመብራት ሊፈትንህ ስለሚችል ሽምደዳ የሚያስተማምን ነገር አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መያዝህ ሳይሆን አለመያዝህ ነው። ተሳካልህና አለፍህ እንበል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንኑ ፈተና በእያንዳንዱ ሌሊት፣ ቅደም ተከተሉን ማንም ሳይልክልህ ትፈተናለህ።

እስቲ ከሚኤሶ ወደ ድሬዳዋ በሌሊት የሚመጣ የዕቃ ባቡር ውስጥ ተቀምጠህ ራስህን አስበው። ከፊትህ ጨለማ ነው፤ በጨለማው ውስጥ ከሩቅ የምትታየው አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻ ናት። በከተማ የትራፊክ መብራት ላይ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች መሆኑን ስለምታውቅ ቀለሙ ባይለይልህም ቦታው ይነግርሃል፤ ከሩቅ በምትታይ የባቡር ሲግናል ላይ ግን ላይና ታች የለም፣ ነጥቧ ብቻ ነው ያለችው። አቧራ ወይም ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ነጥቧም ትደበዝዛለች። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ እስከ ጅቡቲ ግን ነጠላ በመሆኑ ባቡሮች የሚተላለፉት በየጣቢያው ላይ አንዱ ቆሞ ሌላውን በማሳለፍ ነው። ስለዚህ የዚያች ነጥብ ቀይ መሆን «ከፊትህ ሌላ ባቡር ሊኖር ይችላል» ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከባድ የዕቃ ባቡር ብሬክ ከተያዘ በኋላ እንኳ ለመቆም ብዙ መቶ ሜትር፣ እንደ ጭነቱና እንደ ቁልቁለቱም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ መስመሩም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ እስከ ባሕር ጠለል የሚወርድ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ የድሬዳዋ ልጅ ያውቀዋል።

«ዋናው ሰው እያየ ምን ይመጣል?» ላልኸውም መልሴ እዚሁ ላይ ነው። በሁለት ሰው በሚነዳ ባቡር ውስጥ የተለመደው አሠራር፣ አንደኛው ሲግናሉን አይቶ ጮክ ብሎ ሲጠራ ሌላው በገዛ ዓይኑ አረጋግጦ መልሶ እንዲጠራ ነው። ረዳቱ የሚቀመጠው ዋናው አሽከርካሪ የደከመበት፣ ሐሳቡ ለቅጽበት የሸሸበት፣ ወይም ዓይኑን ወደ መቆጣጠሪያው ዝቅ ያደረገበት ሰዓት ስለሚኖር ነው። በዚያች ሰዓት አሽከርካሪው «አረንጓዴ» ቢል አንተ ያየኸውን ሳይሆን የሰማኸውን ነው መልሰህ የምትጠራው። ያን ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ግን ሁለት እንደሆናችሁ እያሰበ ይነዳል። ልጄ፣ ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ነገር ነው፤ ተሳፋሪውንና ንብረቱን ትተን እንኳ፣ ከጎንህ የተቀመጠው ባልደረባህ ተስፋ ያደረገብህ ዓይን እንደሌለ የማወቅ መብት አለው።

የባቡር ሠራተኞች ቀለም እንዲለዩ መፈተን የተጀመረው እንዲሁ ለማስቸገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1875 በስዊድን ላገርሉንዳ በተባለ ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ዘጠኝ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ፍሪትዮፍ ሆልምግሬን የተባለ የአገሩ ምሁር ምክንያቱ ቀለም አለመለየት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሮ ሠራተኞቹን ባለቀለም የሱፍ ክር እያስለየ መፈተን ጀመረ፤ የፈተናው ልማድ ወደ ሌሎች አገሮች የባቡር መሥሪያ ቤቶችም ተዛመተ። በአገራችን ደግሞ ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰውን አደጋ አባትህ ሳያስታውሱት አይቀሩም። ከ400 በላይ ሰው ያለቀው ባቡሩ በጠመዝማዛው ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ እንጂ ከቀለም ጋር በተያያዘ ነገር አልነበረም። ያነሣሁት በሎኮሞቲቭ ውስጥ የሚፈጠር የአፍታ ስሕተት ስንት ቤት እንደሚያንኳኳ አንተን ላሳደገች ከተማ ማስረዳት ስለማያስፈልገኝ ብቻ ነው።

ወረቀት ላውጣልህ ያለህን ሰው በተመለከተ ብዙ አልልም። ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ በሕግ ያስጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ያ ሰው በአንተ ላይ የዕድሜ ልክ ምስጢር ይይዛል፤ ነገም ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠይቅህ እምቢ የምትልበት አቅም አይኖርህም። ዛሬውኑ አልፈልግም በለው። ቀለም ያስለያሉ እየተባሉ ለሚሸጡት ባለቀለም መነጽሮችም ገንዘብህን አታውጣ፤ በአንዳንድ ቀለማት መካከል ያለውን ልዩነት ያጎሉ እንደሆን እንጂ የዓይንን ተፈጥሮ አይለውጡም።

እስቲ ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። በደብዳቤህ ውስጥ አያትህ፣ አባትህ፣ እናትህና ሰፈሩ በሙሉ አሉ፤ አንተ ግን ባቡር መንዳትን ስለ መውደድህ አንድም ቃል አልጻፍህም። ይህን የምለው ልወቅስህ ብዬ አይደለም፤ የሦስት ዓመት ሥራ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያደክም፣ የአባት ደስታም ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁና። ነገር ግን የምትመኘው መንዳቱን ነው ወይስ ባቡሩን? ወይስ በአባትህ ፊት ላይ ያየኸውን ያንን ፈገግታ? መንዳቱ ከሆነ ኀዘንህ እውነተኛ ነው፤ ጊዜ ወስደህ ልታዝንለት ይገባል። ባቡሩ ከሆነ ግን በሩ ገና አልተዘጋም።

ያለህ ሦስት ሳምንት በቂ ነው። በዚህ ሳምንት የዓይን ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሂድና ከምርመራው በፊት «የባቡር ረዳት አሽከርካሪነት አመልክቻለሁ፤ ቀለም የመለየት ችሎታዬን፣ ችግር ካለብኝም ደረጃውን ማወቅ እፈልጋለሁ» ብለህ በግልጽ ተናገር። ሥዕሎቹን በቃልህ መያዝህንም አትደብቅ፤ ሐኪሙ ይህን ካወቀ በሌላ ዘዴ ይመረምርሃል፤ ካላወቀ ግን የገዛ ሽምደዳህ ውጤትህን ያበላሽብሃል። በአካባቢህ የተሟላ ምርመራ ካላገኘህ ወደ አዲስ አበባ መጥተህ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ባለ የዓይን ክፍል መታየት ትችላለህ። ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበል። ዓይንህ ጤናማ ከሆነ ይህን ደብዳቤ ቀድደህ ጥለህ ለቃለ መጠይቁ ተዘጋጅ። ችግሩ ቀላል ነው ከተባልህ፣ የሐኪሙን ወረቀት ይዘህ ለቀጣሪው መሥሪያ ቤት የሕክምና ክፍል አቅርብና ብቁ መሆን አለመሆንህን እነሱ ይወስኑ፤ የአንተ ድርሻ እውነቱን ማቅረብ ብቻ ይሆናል።

ችግሩ ጎልቶ ከተረጋገጠ ደግሞ ጠፍተህ አትቅር። የጽሑፍ ፈተና ማለፍህ ዋጋ ያለው ነገር ስለሆነ ለሰው ኃይል ክፍሉ ማመልከቻ ጻፍ። «የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ለሕክምና ምርመራ ተጠርቻለሁ፤ ሆኖም ባደረግሁት ምርመራ ቀለም የመለየት ችግር እንዳለብኝ ስለተረጋገጠ ለአሽከርካሪነት መደቡ ልቀርብ እንደማይገባኝ ተረድቻለሁ፤ የትምህርት ዝግጅቴ ኤሌክትሪካል ምህንድስና በመሆኑ በሚመጥነኝ ሌላ መደብ ለመወዳደር እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ» ብትል በቂ ነው። ይሆናል ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም፤ ሆኖም ይህን በፈቃዱ የጻፈ አመልካች እንደማይረሳ አምናለሁ። መስመሩ የሚሠራው በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው፤ ሥራውን ሲመሩ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎችም በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረክበዋል። የኃይል አቅርቦት ዕቅድ፣ የጥገና መርሐ ግብር፣ የዕቃ ጭነት አስተዳደር፣ ሥልጠናና የመለዋወጫ ግዢ ሁሉ ሰው ይፈልጋሉ። እዚህም ላይ ግን ተጠንቀቅ፦ የሽቦ ቀለም ማንበብ የሚጠይቅ የጥገና ሥራ፣ በባለቀለም መስታወት ላይ የባቡሮችን እንቅስቃሴ መቆጣጠርም እንዲሁ ዓይንህን የሚፈትኑ ስለሆኑ ከመወዳደርህ በፊት የመደቡን የጤና መስፈርት ጠይቅ። አሁን ባለህበት ሱቅም ሬዚስተርን በቀለሙ ከመገመት በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው መሣሪያ ለካ፤ ሽቦዎችን በቁጥር ምልክት አድርግባቸው፤ አብሮህ ለሚሠራውም ችግርህን ንገረው። አራት ዓመት ጓደኛህን ስታስነብብ ከኖርህ ይህን በመናገር የምታጣው ነገር የለም።

አባትህን በተመለከተ፣ ከምርመራው በፊት ብትነግራቸው እመርጣለሁ። ውጤቱን ይዘህ ከመጣህ በኋላ ብትናገር «ብቻህን ተሸከምኸው» የሚለው ኀዘን ይጨመርባቸዋል። እንግዳ በሌለበት፣ ምናልባትም ከእራት በኋላ፣ ቲማቲሙን፣ ሬዚስተሩንና 21 ሆኖ የታየህን ሥዕል በቅደም ተከተል አጫውታቸው። ከዚያም ስለ አያትህ ጠይቃቸው፦ ረዳት በነበሩበት ጊዜ ዋናው ነጂ ምን ያስጠራቸው እንደነበር፣ በሌሊት ጉዞ ላይ ምን ይፈሩ እንደነበር። የነጂ ልጅ ሆነው ያደጉ ሰው የሲግናልን ነገር ከእኔ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ፈጥነው እንደሚረዱት እገምታለሁ። መጀመሪያ ላይ ቢቆጡ ወይም ዝም ቢሉ አትደንግጥ፤ ለሰፈሩ ያወሩትን ወሬ መመለስ ለእሳቸውም ጥቂት ቀን ይወስድባቸዋል። ጎረቤት ለሚጠይቀው «በጤና መስፈርቱ ምክንያት መደብ ልቀይር ነው» ከማለት ያለፈ ዝርዝር ለማንም የመስጠት ግዴታ የለባችሁም።

ወደ ሆስፒታሉ ስትሄድ ደግሞ ብቻህን አትሂድ፤ አጎትህን ይዘሃቸው ሂድ። ያ አረንጓዴ ሱፍ ከተገዛ ጀምሮ ሲሳቅባቸው የኖሩት በግድየለሽነታቸው እንዳልሆነ እሳቸውም ከሐኪም አፍ ቢሰሙት ደስ ይለኛል።